ከእረፍት መልስ፦ ሰዓቱ የሚስተካከለው ከጠዋት ነው

የመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በብዙ ቤት የሚሰማው ትእዛዝ አንድ ነው፦ «ከዛሬ ጀምሮ በጊዜ ትተኛለህ!» ልጁ በጊዜ አልጋው ላይ ይወጣል፤ መብራት ይጠፋል፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ይገላበጣል። ውሃ ይጠይቃል፣ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ተመልሶ ውሃ ይጠይቃል። እናት ትቆጣለች፣ ልጅ ያለቅሳል። በማግሥቱ ደግሞ «ሌሊቱን ስላልተኛ ይረፍ» ተብሎ እስከ ረፋድ ይተዋል። ማታ ሲመጣ ያው ነው።

ልጁ እልኸኛ ሆኖ አይደለም። ነገሩ የተጀመረው ከተሳሳተው ጫፍ ስለሆነ ነው። ሰውን በግድ ማስተኛት አይቻልም፤ መቀስቀስ ግን ይቻላል። ስለዚህ መጀመሪያ መነካት ያለበት የመነሻው ሰዓት ነው። መኝታው ከኋላ ከኋላ ይከተላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። አንጎላችን ውስጥ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍል፣ የእንቅልፍና የንቃትን ጊዜ የሚመራ የነርቭ ሴሎች ስብስብ አለ። የሰውነት ሰዓት የሚባለው እሱ ነው። ይህ ሰዓት በአብዛኛው ሰው ላይ ከ24 ሰዓት ትንሽ ይረዝማል፤ በየቀኑ በጠዋት ብርሃን ካልተስተካከለ እያመሸ ይሄዳል። በእረፍት ማምሸት ምንም ልፋት ሳይጠይቅ መመለሱ የሚከብደው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ከለመድነው የመኝታ ሰዓት በፊት ያሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ሰውነት እንቅልፍን አጥብቆ እምቢ የሚልባቸው ናቸው። ሌሊት 5፡30 መተኛት የለመደን ልጅ ማታ 2፡30 አልጋ ላይ ስናወጣው፣ ንቁ በሆነበት ሰዓት ዓይንህን ጨፍን እያልነው ነው። እሺ ቢልም አይችልም።

አንድ የ9 ዓመት ልጅ እንውሰድና ስሌቱን እንሥራ። በእረፍቱ ሌሊት 5፡30 ይተኛል፣ ጠዋት 3፡30 ይነሳል። ለትምህርት ቤት 12፡30 መነሳት አለበት። ልዩነቱ ሦስት ሰዓት ነው። በቀን 30 ደቂቃ ቢቀድም ስድስት ቀን ይፈጃል፦ 3፡00፣ 2፡30፣ 2፡00፣ 1፡30፣ 1፡00፣ 12፡30። የመኝታው ሰዓት በአንድና በሁለት ቀን ዘግይቶ በዚያው ልክ ይቀድማል። አንዱ ቀን እንግዳ ሊመጣ፣ አንዱ ቀን ልጁ ሊያመው ስለሚችል ሁለት ቀን ትርፍ ይያዝ፤ ስለዚህ ትምህርት ከመከፈቱ ስምንት ቀን በፊት መጀመር ነው። በመሃሉ ሁለት ሦስት ቀን ልጁ ይነጫነጫል፤ መነሻው ቀድሞ መኝታው ገና ስላልደረሰበት እንቅልፍ ይጎድለዋል። ያን ጊዜ «አልሠራም» ብሎ መተው የተለመደ ስህተት ነው። ማታ በጊዜ የሚያስተኛው ይኸው የቀን ድካም ነውና፣ ቀን ላይ ረጅም እንቅልፍ ከተፈቀደለት የተለፋበት ሁሉ ይፈርሳል።

ስንት ሰዓት ይተኛ ለሚለው፣ የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ምክር አሁንም መነሻ ሆኖ ያገለግላል፦ ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉት የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከ8 እስከ 10 ሰዓት። የኛ የ9 ዓመት ልጅ 10 ሰዓት የሚበቃው ከሆነ 12፡30 ለመነሳት 2፡30 ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። «ሊወስደው» የሚለውን ልብ በሉ። አልጋ ላይ የሚወጣው ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ፣ ጥርስ መቦረሹና ልብስ መቀየሩ ደግሞ ከዚያም በፊት ነው። «2፡30 ይተኛል» የሚባለው ልጅ ብዙ ጊዜ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የሚተኛው፤ በሳምንት ሲደመር ብዙ እንቅልፍ ነው። ደግሞ እንቅልፍ ያነሰው ትንሽ ልጅ እንደ ትልቅ ሰው አይፈዝም። ይቅበጠበጣል፣ በትንሽ ትልቁ ይናደዳል፣ ካልሲው ተጣሞብኛል ብሎ ያለቅሳል። «ጉልበቱ አላለቀም» ተብሎ የሚመሸው ልጅ ብዙውን ጊዜ የደከመ ልጅ ነው።

መነሻውን ብቻ ማስቀደም ግን አይበቃም፤ ብርሃን ካልታከለበት የሰውነት ሰዓቱ አይንቀሳቀስም። ልጁ እንደተነሳ፣ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ደጅ ይቆይ። መስኮት አጠገብ መቀመጥ ከምንም ይሻላል እንጂ አይተካውም፤ ደመናማ በሆነ ቀን እንኳ የደጅ ብርሃን በሺህ በሚቆጠር ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ሲለካ መብራት የበራበት ክፍል ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ሉክስ ብቻ ነው። ዓይናችን ልዩነቱን ስለሚያቻችለው አይታወቀንም። ጠዋቱ ገና ጨለማ በሚሆንበት ወቅት የቤቱን መብራት በሙሉ አብርቶ ቁርስ ማብላት፣ ሲነጋ ደግሞ በእግር ማስወጣት ነው። ቁርሱም በትምህርት ቀን ሰዓት ይሁን፤ የምግብ ሰዓት ራሱ ለሰውነት ምልክት ይሰጣል።

ማታ ላይ ተቃራኒው ነው። ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት የጣሪያው ነጭ መብራት ጠፍቶ ደብዘዝ ያለ መብራት ይብራ፤ ቴሌቪዥንና ሞባይል ይዘጋ። ብርሃኑ ሜላቶኒን የተባለውን የጨለማ ሆርሞን ያዘገያል። ከብርሃኑ እኩል የሚጎዳው ግን ጨዋታው ራሱ ነው፦ «ይህችን ዙር ብቻ» የሚል ልጅ ልቡ እየመታ ነው፣ አልጋ ላይ ሲወጣም ጨዋታው ጭንቅላቱ ውስጥ ይቀጥላል። ሻይ፣ ቡና፣ ኮላና የኃይል ሰጪ መጠጦች ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ባይቀመሱ ይሻላል። ትልቅ ሰው ላይ እንኳ ከጠጣው ካፌይን ግማሹ ከ5 ሰዓት ያህል በኋላም ሰውነቱ ውስጥ ነው።

ይህን የምታነቡት ስምንት ቀን ሲቀር ላይሆን ይችላል። ነገ ትምህርት ከሆነ ቀስ በቀስ የሚባል ነገር የለም፤ 12፡30 ላይ ቀስቅሱት፣ ደጅ አውጡት፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደሚከብዱ ተቀበሉ። ዛሬ ማታ በአንዴ ሦስት ሰዓት አስቀድማችሁ አታስተኙት፤ በአልጋ ላይ ሲገላበጥ ማምሸቱ አልጋን የጭንቀት ቦታ ያደርግበታል። ከልማዱ 30 ደቂቃ ቢቀድም ይበቃል። ከትምህርት ሲመለስ ዓይኑ ከከደነበት ከ20 ደቂቃ የማይበልጥ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት የማያልፍ ሸለብታ ይፈቀድለት። የሚበልጠው ግን መክሰስ በልቶ ደጅ ወጥቶ መሮጡ ነው።

አሥራ ሦስትና ከዚያ በላይ የሆኑት ለብቻቸው ይታዩ። ከጉርምስና ጋር የሰውነት ሰዓት ራሱ በአንድና በሁለት ሰዓት ይመሻል፤ ሜላቶኒን የሚመነጭበት ጊዜ ይዘገያል። ጠዋት የማይነሳውን የ15 ዓመት ልጅ «ሰነፍ» ማለት ቁመቱ ስለጨመረ እንደመውቀስ ነው። ለነሱ በቀን 15 ደቂቃ ማስቀደም ይሻላል፤ ያኔ ሦስት ሰዓት ለመመለስ 12 ቀን ስለሚፈልግ፣ የእረፍቱ ማብቂያ ሳይደርስ መነጋገር ያስፈልጋል። መነጋገር ያልኩት አውቄ ነው። ለ8 ዓመት ልጅ ሰዓቱን እናንተ ትወስናላችሁ፤ ለ15 ዓመቱ ግን ስሌቱን ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ራሱ እንዲሠራው ስጡት። ሞባይሉ ሌሊቱን ከመኝታ ክፍሉ ውጪ ይደር። «አላርሜ እሱ ነው» ማለቱ አይቀርም፤ ስለዚህ የጠረጴዛ ሰዓት አስቀድማችሁ ግዙለት፣ ከአልጋው ተነስቶ ካልሆነ የማይደርስበት ቦታ ላይም አስቀምጡት። የእናትና የአባት ስልክም እዚያው ሳሎን ቻርጅ ካልተደረገ ይህ ሕግ አይሰነብትም።

ቅዳሜና እሑድ ላይ ብዙ ቤት ይሰናከላል። ከትምህርት ቀኑ መነሻ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ችግር የለውም። ሦስት ሰዓት ከዘገየ ግን ሰውነቱ እረፍት ላይ ወደነበረበት ሰዓት ይሳባል፤ እሑድ ማታ እንቅልፍ ሲጠፋ ሰኞ ጠዋት ጦርነት ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት ደስ የሚለው አንድ ነገር ይያዝለት፤ ኳስ ይሁን መዋኘት፣ ተነሳ ሳይባል የሚነሳበት።

አሁን ወደ ጠዋቱ እንግባ። አብዛኛው ወላጅ «40 ደቂቃ ይበቃናል» ይላል፤ በሰዓት የለካው ግን ጥቂቱ ነው። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት አንድ ቀን እያንዳንዱን እርምጃ ለኩት። ከተቀሰቀሰበት እስኪቆም 10 ደቂቃ፣ ለመታጠብና ለመልበስ 15፣ ለቁርስ 20፣ ለጥርስ፣ ለጫማና ለቦርሳ 10። ድምሩ 55 ደቂቃ ነው። በዚህ ላይ 10 ደቂቃ ትርፍ ጨምሩ፦ 65። ከቤት የሚወጣው 1፡35 ከሆነ መነሻው 12፡30 ነው። ትርፏን 10 ደቂቃ ለመቆጠብ ብላችሁ አትንኳት፤ የፈሰሰ ወተት የሚጠረገው፣ የጠፋው ካልሲ የሚገኘው በሷ ነው።

ጠዋትን የሚያበላሹት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገሮች ናቸው። አንዱ ከሌላ ክፍል ሆኖ መጮህ ነው። «ተነስ! ልበስ! ብላ! ጫማህስ?» የሚለው ከወጥ ቤት የሚመጣ ድምፅ ለልጁ እንደ ጎዳና ጫጫታ ይሆንበታል፤ መስማቱን ይተዋል። በዚህ ፈንታ ሄዳችሁ አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ ትከሻውን ነካ አድርጋችሁ በስሙ ጥሩት፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሩት፦ «የኔ ልጅ፣ ሱሪህን ልበስ።» ሲጨርስ ቀጣዩን። ጊዜ የሚፈጅ ይመስላል፤ አራት ጊዜ ከመጮህ ግን ያጥራል። ማንበብ ለማይችሉት አምስት ሥዕል በአንድ ወረቀት ላይ ሥላችሁ በዓይናቸው ቁመት ለጥፉ፦ መታጠቢያ፣ ልብስ፣ ሳህን፣ ጥርስ ብሩሽ፣ ቦርሳ። ከአምስት ከበለጠ አያዩትም። ቴሌቪዥን ደግሞ ጠዋት ጭራሽ አይከፈት፤ «ከጨረስክ ታያለህ» የሚለው ቃል ኪዳን ልጁ ቁርሱን ሳያኝክ እንዲውጥ ያደርገዋል እንጂ አያፈጥነውም።

ቦርሳ የማታ ሥራ ነው። ከእረፍት በኋላ ግን የመጀመሪያው ጊዜ ተራ ዝግጅት አይደለም። ቦርሳውን ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ ገልብጡት። ከታች የሚወጣውን ታውቁታላችሁ፦ የተጨማደደ የቤት ሥራ፣ ጫፉ የተሰበረ እርሳስ፣ የደረቀ ብስኩት፣ ወላጅ እንዲፈርምበት የተላከና ያልተፈረመበት ወረቀት። አራግፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ያለቁ ደብተሮችን አውጡ። ከዚያ ልጁ ራሱ ይሙላው። ከባዱ መጽሐፍ ከጀርባው ጋር ወደሚጣበቀው ኪስ፣ ቀላሉ ወደ ውጭ። ክብደቱ ከልጁ ክብደት 10 በመቶ ባይበልጥ እመርጣለሁ፤ 30 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 3 ኪሎ ማለት ነው። ሁለቱም ማንገቻ በትከሻ ላይ ይሁን፤ የቦርሳው ታች ከወገብ በታች አይንጠልጠል። ጫማና ዩኒፎርም ደግሞ መከፈቻው ከመድረሱ አራት ቀን በፊት ይሞከር። በሦስት ሳምንት እግር አያድግም የሚል ሰው፣ ጫማው ከእረፍቱ በፊትም ጠቦ እንደነበር ረስቷል። ዋዜማ ማታ የተገኘ ጠባብ ጫማ መፍትሔ የለውም።

ስለ ጥናት ብዙ የሚባል ቢኖርም አንድ ነገር ላይ ልቆይ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ የተማርነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ቶሎ እንደሚረሳ፣ ከዚያ በኋላ ግን መርሳቱ እየዘገየ እንደሚሄድ አሳይቷል። ሌላም አሳይቷል፦ የተረሳውን እንደገና መማር ከመጀመሪያው ያነሰ ጊዜ ይፈጃል። ይህን ለልጁ ንገሩት። ከእረፍት ሲመለስ «ሁሉ ጠፋብኝ» ብሎ የሚደነግጥ ልጅ፣ በጥቂት ክለሳ እንደሚመለስለት ማወቁ ያረጋጋዋል።

ክለሳው ግን ደብተር ገልጦ ማንበብ አይደለም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ይበልጣሉ፤ ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ራሳቸውን እየፈተኑ ያጠኑት ይበልጧቸዋል። ማንበብ የሚሰጠው የማወቅ ስሜት ያታልላል። አሠራሩ ቀላል ነው። ልጁ ደብተሩን ይዝጋ። ባዶ ወረቀት ላይ፣ ከእረፍቱ በፊት የተማሩትን የመጨረሻ ርዕስ ይጻፍና ሥሩ የሚያስታውሰውን ሁሉ በ10 ደቂቃ ያስፍር፤ ቢሳሳትም ችግር የለውም። ከዚያ ደብተሩን ገልጦ የጎደለውን በሌላ ቀለም እስክርቢቶ ይሙላ። በሌላ ቀለም የተጻፈው ነው ዛሬ የሚጠናው። ከሁለት ቀን በኋላ በአዲስ ወረቀት ይደገም። ሂሳብ ላይ አምስት የቆዩ ጥያቄዎች፣ መልሱ ተሸፍኖ። ከረጅም እረፍት በኋላ ቶሎ የሚደበዝዙት ስሌትና የቃላት አጻጻፍ ስለሆኑ ለነሱ ቅድሚያ ብትሰጡ ጥሩ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ለትንንሾቹ በአንድ ጊዜ 15 ደቂቃ፣ ለትልልቆቹ 25 ደቂቃ፣ በመሃል 5 ደቂቃ መነሳትና መንቀሳቀስ። ወላጆች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ፤ «ሦስት ሳምንት ተጫውተሃል» ተብሎ የመጀመሪያው ሰኞ ሁለት ሰዓት ጥናት ይታዘዛል። ልጁ ሁለተኛውን ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ያሳልፈዋል እንጂ አያጠናበትም፤ የሚማረውም ጠረጴዛውን መጥላት ነው።

ልማድ በሳምንት አይተከልም። ለንደን በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት አንድ አዲስ ልማድ ሳይታሰብ የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ ገምተዋል፤ ከሰው ሰውና ከልማድ ልማድ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ለወላጅ የሚጠቅመው ሌላው ግኝታቸው ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን አያበላሸውም። ማክሰኞ ቦርሳ ሳይዘጋጅ ቢታደር ረቡዕ ማታ እንዳልተፈጠረ ቆጥሮ መቀጠል ነው።

አዲሱን ነገር በሰዓት ሳይሆን ድሮም በሚደረግ ነገር ላይ እሰሩት። «11 ሰዓት ላይ ታጠናለህ» ሲባል ሰዓቱን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም እናንተ ትሆናላችሁ። «መክሰስ በልተህ ሳህንህን ስታነሳ ደብተርህን ጠረጴዛው ላይ ታወጣለህ» ሲባል ግን ሳህኑ ራሱ ያስታውሰዋል። «ጥርሴን ቦርሼ ስጨርስ ቦርሳዬን በር አጠገብ አደርጋለሁ»ም እንዲሁ። ዓረፍተ ነገሩን ልጁ በራሱ አፍ ይበለው። ሁሉን በአንድ ሰኞ አትጀምሩ፤ በመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍና ጠዋት ብቻ፣ በሁለተኛው የጥናቱ ጠረጴዛ፣ ንባብና የቤት ውስጥ ሥራ ከሦስተኛው ወዲያ።

የመጨረሻው ስለ ሆድ ቁርጠት ነው። እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» የሚል ልጅ ሁልጊዜ እያስመሰለ አይደለም፤ ጭንቀት በልጆች ላይ ብዙ ጊዜ በሆድ ነው የሚገለጠው፣ ሕመሙም እውነተኛ ነው። ትኩሳት፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ካለ ይቅር፣ ይታከም። ከሌለ፣ ቅዳሜ ላይ ደግሞ የሚጠፋ ከሆነ፣ ትምህርት ቤት ይሂድ፤ ቤት በቀረ ቁጥር የሚቀጥለው ጠዋት ይከብደዋል። ግን ሳትጠይቁት አትላኩት። «ምን ሆነሃል?» የሚለው ጥያቄ «ምንም» የሚል መልስ ነው የሚያመጣው። «በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ትሆናለህ?»፣ «ከማን አጠገብ ነው የምትቀመጠው?»፣ «የትኛው ክፍለ ጊዜ ባይኖር ደስ ይልሃል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያውም ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ሳይሆን አብራችሁ እየተራመዳችሁ ወይም ዕቃ እያጠባችሁ። ያመመውን ቀንና ሰዓት በትንሽ ማስታወሻ ያዙ። ሁለት ሳምንት ካለፈው ወይም ጭራሽ አልሄድም ካለ፣ ያን ማስታወሻ ይዛችሁ መጀመሪያ የክፍል ኃላፊ መምህሩን፣ ቀጥሎ ሐኪም አነጋግሩ። ሕመሙ የሚመጣው ሁልጊዜ በአንድ ቀን ከሆነ፣ በዚያ ቀን የትኛው መምህር እንደሚገባ፣ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ በየት በኩል ወደ ቤት እንደሚመለስ ጠይቁ።